ምዕራፍ አምስት፦ የሚከራይ መሣሪያና የጋራ መሣሪያ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳ እስኪደርስ ድረስ ከመልክዐ ምድሩ ቀጥሎ ዓይኑን የሚይዘው የቤቱ አሠራር ነው፤ እንጨት ብርቅ፣ ድንጋይ ግን እንደ ልብ በሆነበት በዚያ ብርዳም አምባ ላይ አባቶች ግድግዳውን ድንጋይ በድንጋይ እየካቡ፣ ጣራውን በጓሳ ሣር እየከደኑ ለዘመናት ሲኖሩ፣ ቤቱ አስቀድሞ በሠሪው ልቡና ተሥሎ ያደረ እንጂ በወረቀት ላይ የሰፈረ አልነበረም። ዛሬ ግን በመሐል ሜዳም ሆነ በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ፣ ቤት ለመሥራት ቆርጦ የተነሣ ሰው ወደ ማዘጋጃ ቤት ብቅ ሲል በመጀመሪያ የሚጠየቀው ፕላን ነው፤ የነዋሪዎቻቸው ቁጥር 10,000 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከተሞችን የሚመለከተው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ወዲህ ያለ ፕላን ፈቃድ የለም። ይህን ፕላን የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ክፍል አንድ ላፕቶፕ ዘርግቶ የተቀመጠ ወጣት ነው። በዚያች ላፕቶፕ ላይ የተጫነው የንድፍ ሶፍትዌር ምንድን ነው? በምን መንገድስ ገባ? ነገስ ማን ይዘጋዋል፣ ማን ይከፍተዋል? በዚህ ምዕራፍ የምንመረምረው ይህንን ነው።

በኮምፒዩተር መንደፍ፣ በአጭሩ ካድ የምንለው ጥበብ፣ መስመርን ከቀለምነት ወደ ቍጥርነት የለወጠ ጥበብ ነው። በእጅ በሚነደፍበት ዘመን ነዳፊው ስስ ወረቀት በሰሌዳ ላይ ወጥሮ፣ በቀለም ብዕር መስመሩን ሲስብ፣ አምስት ሜትር ርዝመት ያለውን ግድግዳ ከመቶ አንድ እጅ አሳንሶ በአምስት ሳንቲ ሜትር ያሠፍረው ነበር፤ ቢሳሳት ቀለሙን በምላጭ ፍቆ እንደገና ይጀምራል። ኮምፒዩተሩ ግን ግድግዳውን በእውነተኛ ልኩ፣ በአምስት ሜትርነቱ ይይዘዋል፤ የመነሻውንና የመድረሻውን ነጥብ በቍጥር መዝግቦ፣ ማሳነሱን ለኅትመት ጊዜ ይተወዋል። በ1940ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ማለትም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ልደታ ላይ በሚገኘው የኪነ ሕንፃ ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያዎቹ የአገራችን ደቀ መዛሙርት በእርሳስና በማስመሪያ ሲሠለጥኑ፣ በአሜሪካ ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 በብርሃን ብዕር በኮምፒዩተር መስኮት ላይ መስመር መሳል እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በኋላ ሁለት አሠርት ዓመታት ያህል ይህ ጥበብ የትልልቅ የአውሮፕላንና የመኪና ፋብሪካዎች ብቻ ሆኖ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ አውቶዴስክ የሚባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ አውቶካድን ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች ሲያወጣ ግን ጥበቡ ከፋብሪካ ወጥቶ በተራ ነዳፊ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ እኛም ዘንድ የደረሰው በዚሁ መልክ ነው።

ስለ ሶፍትዌር ምርጫ በውጭ አገር የሚጻፉ መጻሕፍት ነገሩን በሁለት ወገን ይከፍሉታል፤ አንደኛው በገንዘብ የሚገኘው የኩባንያ ሶፍትዌር፣ ሁለተኛው ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነው ነፃ ሶፍትዌር። በእኛ አገር ግን በሁለቱ መካከል ገብቶ የቆመ ሦስተኛ አለ፤ እርሱም ቍልፉ ተሰብሮ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው፣ ነዳፊዎች ሁሉ በስሙ ክራክ የሚሉት ነው። ክራክ በዋጋው ከነፃው ጋር፣ በችሎታው ደግሞ ከሚገዛው ጋር የተካከለ መስሎ ስለሚታይ፣ ሁለቱን አቀራርቦ ለመመዘን የሚያበቃውን ምክንያት ሁሉ ከሰው ልብ ያጠፋል፤ ያልከፈለ ሰው ዋጋውን አይጠይቅም፣ ዋጋውን ያልጠየቀ ደግሞ ሌላ መንገድ አይፈልግም። ስለዚህ በመንዝም ሆነ በአዲስ አበባ በሚዛኑ ላይ ከማንም በፊት መውጣት ያለበት ይኸው ሦስተኛው ነው።

አንዳንዱ ነገሩን እንደ ቀላል ያየዋል፤ «ባዕድ ሀብታም ኩባንያ ከእኛ አንድ ላፕቶፕ ምን ይጎድልበታል?» ይላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚገባቸው የአእምሮ ሥራዎች መካከል ቈጥሮታል፤ ጥበቃው በባዕድ አገር ለተደረሰ ሥራ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ መተንተኑን ለሕግ ሊቃውንት እንተወውና፣ የሰውን ድካም ያለ ፈቃዱ መውሰድ ነውር መሆኑን ለመንዝ ሰው መንገር ግን አያስፈልግም። ከነውሩም በላይ ጉዳቱ ወደ ወሳጁ ይመለሳል። ቍልፍ የተሰበረበትን ሶፍትዌር ለመጫን መጀመሪያ የሚታዘዘው የቫይረስ መከላከያውን ማጥፋት ነው፤ ይህም በር ከፍቶ ማደር ማለት ነው። አውቶካድ ንድፍ በተከፈተ ቍጥር አብረው የሚነሡ ትንንሽ የትእዛዝ ፋይሎች ስላሉት፣ እነዚያን መስለው ከንድፉ ጋር በአንድ ፎልደር ተጭነው የሚጓዙ ቫይረሶች ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዛመታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሜድሬ የተባለው በዚሁ መንገድ በፔሩ አገር ተስፋፍቶ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ንድፎችን ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ በኢሜይል ወደ ቻይና ሲልክ ተደርሶበታል። እንግዲህ ያለ ክፍያ መጣ የተባለው ሶፍትዌር የደንበኛን ቤት ፕላን፣ የደንበኛንም ምስጢር ከፍሎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ክራኩ ከተነሣ በኋላ የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው። ከሚገዛው እንጀምር፤ ይህም ቃሉ እንደሚያሰማው መግዛት አይደለም። አውቶዴስክ ለዘለቄታ የሚሆን አዲስ ፈቃድ መሸጡን እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ የሚከፈለው ኪራይ ነው፤ የሙሉው አውቶካድ ኪራይ ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር፣ በሁለት አቅጣጫ ብቻ የሚነድፈው ቀለል ያለው ደግሞ የዚያን ሩብ ያህል ነው። ዶላሩ በብር ሲመነዘር ምን እንደሚሆን በአገራችን ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ ዋጋ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሲወጣ፣ የኩባንያው ዋጋ ሳይነካ የእኛ ሂሳብ ግን ከ115,000 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ230,000 በላይ ሆነ። ገንዘቡስ ቢገኝ፣ በብር የሚሠራ የባንክ ካርድ ባሕር ማዶ አይከፍልም፤ ለአንድ የዓለም ከተማ ነዳፊ ዶላር ፈልጎ፣ ወኪል ፈልጎ ኪራይ መክፈል ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።

በኪራዩ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። የተከራየው ሶፍትዌር ፈቃዱ ያላለፈበት መሆኑን ለማረጋገጥ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ከኩባንያው ጋር መገናኘት ይፈልጋል። ኢንተርኔት እንደ አየር ሳይቋረጥ በሚገኝበት አገር ይህ እንደ ግዴታ አይቈጠርም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ሳይከፈት ሲቆይ ግን፣ ሕጋዊውን ኪራይ በሐቅ የከፈለ ነዳፊ ከወር በኋላ የራሱን ሥራ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ለመክፈት አይችልም ማለት ነው። ይህንን የምለው ኩባንያውን ለመውቀስ አይደለም፤ ኩባንያው መሣሪያውን የሠራው እርሱ ለሚያውቀው ኑሮ ነው። መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ግን መሣሪያው የተሠራበትን ኑሮና የራሱን ኑሮ አስተያይቶ መምረጥ አለበት።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ሶፍትዌር የሚገባውን ክብር መንሣት ሐሰት ይሆናል። ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ በለሚ በኩል ወደ መርሐቤቴ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው፣ ያ መንገድ ወደ ጀማ ሸለቆ በምን ዓይነት ጠመዝማዛ እየዞረ እንደሚወርድና እንደገና እንደሚወጣ ያውቃል። እንዲህ ያለውን መንገድ የሚነድፍ መሐንዲስ በየሃያ ሜትሩ የምድሩን ከፍታ ይዞ፣ የኩርባውን ስፋት ከመኪናው ፍጥነት፣ የዳገቱን መጠን ከጭነቱ ክብደት ጋር እያስማማ፣ ከዚህ የሚቆረጠው አፈር ከዚያ ለሚሞላው ይበቃ እንደሆነ ማስላት አለበት፤ መስመሩን አንድ ሜትር ወደ ቀኝ ቢገፋው ቆረጣና ሙሊቱ ሁሉ እንደ አዲስ ይሰላል። ይህንን ሲቪል ስሪዲ የተባለው የአውቶዴስክ ሶፍትዌር በጥቂት ጊዜ ሠርቶ ያቀርባል፤ በነፃው ወገን ለዚህ ሥራ በብስለት የሚመጣጠነው ገና አልተገኘም። የፎቆችን አካል በመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል ለመፈተን ኢታብስ፣ ሰፊ የኪነ ሕንፃ ሥራን በሦስት አቅጣጫ አቀናጅቶ ለመያዝም በአገራችን አርክቴክቶች ዘንድ የተወደደው የሀንጋሪው አርኪካድና ሬቪት የሚባለው፣ ለከፈለ ሰው ክፍያውን የሚክሱ ናቸው። አንድ ስሌት ቢሳሳት የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ሥራ ላይ፣ ብዙ መሐንዲሶች የፈተኑትን፣ ተጠያቂ ያለውን መሣሪያ ተከራይቶ ወጪውን በሥራው ዋጋ ውስጥ ማስገባት ብልህነት ነው። እግረ መንገድም፣ የሚከፈልበት ሁሉ ኪራይ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ የቤልጅጉ ብሪክስካድና የቻይናው ዜድደብሊውካድ የአውቶካድን ፋይል እያነበቡና እየጻፉ፣ ለዘለቄታ የሚገዛ ፈቃድም የሚሸጡ፣ ዋጋቸውም ቀለል ያለ ናቸው፤ የአውቶካድን ትእዛዝ በእጁ የለመደ ሰው ከእነርሱ ጋር በአጭር ጊዜ ይላመዳል።

ነፃና ክፍት ወደሚባለው ስናልፍ፣ አስቀድሞ መነቀል ያለበት አንድ የተሳሳተ አሳብ አለ፤ ይኸውም ነፃ የሆነ ነገር ባለቤት የለውም፣ ባለቤት የሌለው ደግሞ አይረባም የሚለው ነው። ይህንን አሳብ ለመንቀል ከመንዝ ወጥቶ ሌላ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። ከመሐል ሜዳ ወዲያ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋው የጓሳ ምድር፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ ገሣ የሚሆነው ሣር የሚታጨድበት ስፍራ፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ የአስቦና የጌራ ወገኖች የሚባሉት የአቅኚ አባቶች ልጆች የጋራ ነበር። የጋራ መሆኑ ግን ልቅ መሆን አልነበረም፤ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት አለቃ ተመርጦለት፣ ሣሩ እስኪጠና ድረስ ምድሩ ሦስትና ከዚያም በላይ ዓመት ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ሲከፈት ሁሉም በወሰን ያጭዳል፤ ተደብቆ የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ሣሩ ወዲያው መጎዳት ጀመረ፤ ሕዝቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ እስኪያቋቁም ድረስም ተጎድቶ ቆየ።

የነፃ ሶፍትዌር ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 እንቅስቃሴውን ሲያውጅና በ1989 የፈቃዱን ጽሑፍ ሲያወጣ ያደረገው ሕግ ማፍረስ ሳይሆን ሕግ ማቆም ነበር፤ በዚህ ፈቃድ የተለቀቀን ፕሮግራም ማንም ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ሊመረምር፣ ሊለውጠውና ለሌላ ሊሰጠው ይችላል፤ ለውጦ ያሠራጨው ሰው ግን ለውጡን ለራሱ ብቻ አጥሮ ሊይዘው አይችልም፣ በዚያው ፈቃድ ለሌላው ማስተላለፍ ግዴታው ነው። ምሳሌው የሚለያይበት አንድ ስፍራ እንዳለ ማስተዋል ይገባል፤ የታጨደ ሣር ከምድሩ ይጎድላል፣ የተቀዳ ፕሮግራም ግን ሺህ ጊዜ ቢቀዳ አይጎድልም። የሚጎድለው የጠባቂው ድካም ነው። ስሕተት የሚያርሙት፣ ለአዲስ ኮምፒዩተር የሚያስማሙት፣ ጀማሪ ሲጠይቅ የሚመልሱት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ተጠቃሚው ሁሉ አጫጅ ብቻ ሆኖ ጠባቂ ሲጠፋ ሶፍትዌሩ ወደ ኋላ ይቀራል። የነፃው ወገን ትልቁ ድክመት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አበርክቶንም አብሮ የሚያስብ ሰው ብቻ እውነተኛ ዋጋውን ያውቃል።

ፍሪካድ የሚባለውን ብናይ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ይታያል። ዩርገን ሪገል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ይህ ሶፍትዌር፣ የጠጣር አካልን ቅርጽ የሚያሰላውን ክፍል ያገኘው አንድ የፈረንሣይ ኩባንያ በ1999 ምንጩን ለሕዝብ ከለቀቀው ፕሮግራም ነው፤ የሕንፃ ንድፍ ክፍሉን በብዛት የሠራው ደግሞ ብራዚል የሚኖር ዮሪክ ቫን ሃቭር የተባለ ቤልጅጋዊ አርክቴክት ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እትም ተብሎ ቍጥር 1.0 የተሰጠው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ከ20 ዓመት በላይ ከተደከመበት በኋላ ማለት ነው። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ቀርበን እንየው። ነዳፊው አምስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ የድንጋይ ክፍል ሊነድፍ ይነሣል እንበል፤ መጀመሪያ አራት መስመር በግምት ይስላል፤ ከዚያ «ይህ ከዚያ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ይህ ማዕዘን ቀጥ ይበል፣ ይህ ርዝመት 5 ሜትር ይሁን» እያለ ግዴታ ይጥልባቸዋል፤ ግድግዳውን 50 ሳንቲ ሜትር አወፍሮ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ በስተ ምሥራቅ መስኮት ያወጣለታል። ማግስቱን ባለቤቱ መጥተው «ልጄ፣ ብርዱን ታውቀዋለህ፤ ግድግዳው ወፈር ይበልልኝ» ቢሉት፣ «እሺ ጋሼ» ብሎ 50 ያለውን 60 ሲያደርገው፣ የመሠረቱ ስፋት፣ የድንጋዩ መጠን፣ የመስኮቱ ጥልቀት ሁሉ ተከትለው ይለወጣሉ። በቀድሞዎቹ እትሞች ግን እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር ነበር፤ ሶፍትዌሩ የአካሉን ገጾች በተራ ቍጥር ስለሚጠራቸው፣ ቅርጹ ሲለወጥ ተራው ተዛብቶ በምሥራቅ ግድግዳ ላይ የነበረው መስኮት ወደ ሰሜኑ ዘሎ ይገኝ ወይም ከነአካቴው ይጠፋ ነበር። ይህን ስሕተት ብዙ ሰዎች ለዓመታት ሲታገሉት ኖረው በ1.0 እትም በአብዛኛው አቃለውታል፤ ነገር ግን ጀማሪ አሁንም በትዕግሥት መግባት አለበት፣ አሠራሩ ከአውቶካድ የተለየ ነውና።

ለተራ የቤት ፕላን ግን ፍሪካድን ያህል ጥልቀት አያስፈልግም። ሊብረካድ የተባለው ሌላው ነፃ ሶፍትዌር በሁለት አቅጣጫ ብቻ ይነድፋል፣ ከመቶ ሜጋባይት ባነሰ ፋይል ወርዶ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ የዛሬው አውቶካድ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ሲጠይቅ ይህኛው በማንኛውም ያገለገለ ማሽን ይረካል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የንድፉን ገጽታ በምስል ማሳየት ለሚፈልግ ደግሞ ብሌንደር አለ፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ2002 ባለቤቱ የነበረው ኩባንያ ሲዘጋ፣ ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ነፃ ያወጡት ሶፍትዌር ነው። በአገራችንም ቢሆን ነፃ ሶፍትዌር እንግዳ አይደለም፤ የጤና ሚኒስቴር ከየጤና ጣቢያው የሚሰበስበውን ወርኃዊ ዘገባ የሚይዝበት ዲኤችአይኤስ ቱ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ መንግሥት ለሕዝብ ጤና ያመነውን መንገድ ማዘጋጃ ቤት ለፕላን ቢያስብበት ድፍረት አይባልም።

አሁን ወደ ነገሩ ፍሬ ደረስን፤ ከሶፍትዌሩ ይልቅ ፋይሉ ይበልጣል። አውቶካድ ንድፉን የሚያስቀምጥበት ዲደብሊውጂ የሚባለው አጻጻፍ፣ ኩባንያው ውስጡን ለማንም ሳይገልጥ የያዘው ነው፤ ሌሎች ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ማኅበር አቋቁመው ፋይሉን በመመርመር ምስጢሩን ፈትተው ባያወጡት ኖሮ፣ በዓለም ላይ ያሉ ንድፎች የሚበዙት ከአንድ ቤት ቍልፍ ውጭ ባልተከፈቱ ነበር። ይኸው ኩባንያ ግን ለልውውጥ ብሎ ከመጀመሪያ አንሥቶ የገለጠው ሌላ አጻጻፍ አለ፤ ዲኤክስኤፍ ይባላል፤ ሊብረካድ የሚጽፈው እርሱን ነው፣ አውቶካድም ያነበዋል። ለሕንፃ ሙሉ መረጃ ደግሞ አይኤፍሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተሰጠው አጻጻፍ አለ። ነዳፊው በየትኛውም ሶፍትዌር ይንደፍ፣ ሥራውን ሲጨርስ በእነዚህ በተገለጡ አጻጻፎች አንድ ቅጂ ካላስቀረ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው ቤት ላይ ፎቅ ለመጨመር የሚመጣው ባለቤት እንደገና ሜትር ይዞ ግድግዳ መለካት ይጀምራል።

በዚህ ላይ የራሳችን ፊደል ጉዳይ አለ። በፍላሽ የመጣ አሮጌ ፕላን ሲከፈት፣ የክፍሎቹ ስም የነበሩት መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት፣ በረት የሚሉት ቃላት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደሎች ክምር ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ፕላኑ በፓወር ግዕዝ ወይም በመሰል ቀደምት የፊደል ሶፍትዌር የተጻፈ ስለሆነ፣ ፊደሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ከሌለ ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደል ብቻ ይቀራል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ስፍራ ካገኘ ወዲህ ይህ ችግር መድኃኒት አለው፤ በየትኛውም የንድፍ ሶፍትዌር ውስጥ በዩኒኮድ ፊደል የተጻፈ ቃል የትም ቢሄድ ቃሉ እንደሆነ ይቆያል። ሶፍትዌር ሊመርጥ የተነሣ ነዳፊ ሌላውን ሁሉ ከመፈተኑ በፊት «መሐል ሜዳ» ብሎ ጽፎ፣ አትሞ፣ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ ይይ፤ ይህ ፈተና ብዙ ማስታወቂያ የማይነግረውን ይነግረዋል።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየወረዳው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ የንድፍ ትምህርት በአውቶካድ ቢሰጥ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ኩባንያው ለተማሪና ለመምህር በየዓመቱ የሚታደስ ፈቃድ ያለ ክፍያ ይሰጣልና። ዳሩ ግን ያ ፈቃድ ለትምህርት እንጂ ለእንጀራ የሚሆን አይደለም፤ ተማሪው በተመረቀ ማግስት በእጁ ያለው ችሎታ ሁሉ በሌላ ሰው የኪራይ ውል ላይ የቆመ ሆኖ ያገኘዋል፤ ክራክም የሚወለደው ከዚያች ቀን ነው። ስለዚህ መምህራን አውቶካድን ይተዉ አልልም፤ ሥራ ቀጣሪው ሁሉ የሚጠይቀው እርሱን ስለሆነ ይማሩት፤ ከእርሱ ጋር ግን አንድ ነፃ ሶፍትዌር፣ በዚያውም ላይ የልኬትን፣ የመስመርን፣ የገጽታን ትምህርት ከማናቸውም ሶፍትዌር ለይተው ቢያስተምሯቸው፣ ተማሪዎቹ መሣሪያ ሲለወጥ አብረው የማይወድቁ ነዳፊዎች ይሆናሉ። የነፃዎቹን ሶፍትዌሮች ምናሌ ወደ አማርኛ መመለስም ለማንም የተፈቀደ ሥራ ነው፤ አንድ የመርሐቤቴ ተማሪ በክረምት ዕረፍቱ የጀመረው ትርጉም ለአገሩ ሁሉ ይደርሳል።

እንግዲህ በተግባር፦ የመንገድ፣ የድልድይና የፎቅ ሥራ የሚሠራ ድርጅት የሚያስፈልገውን የኩባንያ ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ ተከራይቶ ወጪውን በውሉ ውስጥ ያስገባ። የመኖሪያ ቤት ፕላን የሚሠራ ብቸኛ ነዳፊ፣ የብረት በርና የውኃ ማጠራቀሚያ ማቆሚያ የሚበይድ ወርክሾፕ፣ የወረዳ የውኃና የግንባታ ጽሕፈት ቤት ግን ሊብረካድንና ፍሪካድን ቢይዙ ሥራቸው አይጎድልም፤ ለመለማመድም ካለቀ አሮጌ ሥራ አንዱን አንሥተው፣ ከነበረው ጋር ጎን ለጎን እንደገና ይንደፉት፣ የሚከብዳቸውም የቱ ላይ እንደሆነ ያኔ ይለያል። ለአታሚው የሚላከው ፒዲኤፍ ስለሆነ ፕሎተር ያለው ሰው በምን እንደተነደፈ አይጠይቃቸውም። ማዘጋጃ ቤቱም በበኩሉ ፕላን ሲቀበል ከታተመው ወረቀት ጋር ፒዲኤፉና ዲኤክስኤፉ እንዲቀርቡለት በመመሪያው ውስጥ ይጻፍ፤ የሚቀበለውም ሠራተኛ ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት ፋይሉን ከአንድ በላይ በሆነ ሶፍትዌር ከፍቶ፣ የአንዱን ግድግዳ ልክ በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ያመሳክር።